ፊቱ የተቀመጠው ብርጭቆ

ጎረቤቴ ጆሮዋን እንኳን አልለጠፈችም፣ ግድግዳው ነው የሳሳው፤ የሰፈራችንን መካኒክ ሚስቱ "አንዴ መጠጥ ከደገምክ ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ እሄዳለሁ" ስትለው ሰምታለች። እሱ ግን በማግስቱ መጠጥ ቤት ገብቶ፣ ጢም ብሎ የሞላ ብርጭቆ ፊቱ አስቀመጠ። "እኔ ወንድ ነኝ፣ ትቻለሁ ካልኩ ትቻለሁ። ቁጭ ብዬ ሳልነካው አሳያችኋለሁ" አለ። ጠጪዎቹ ወንበራቸውን አስጠግተው ከበቡት። "የኛ ጻድቅ፣ እጅህን ጠበቅ አርገህ ያዝ" እያሉ አሾፉበት።

እጁን ጭኑ ስር ቀበረው። ላቡ ወረደ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ዓይኑ ከብርጭቆው አልነቀል አለ። ጥቂት ቆይቶ እጁ ሾልኮ ወጣና ጣቶቹ ብርጭቆውን ነኩ።

ያኔ ነው ከእሱ ቀድሞ መጠጥ ያቆመው ጓደኛው፣ በያጁ፣ ከበሩ ገብቶ ክንዱን የያዘው።

"ልቀቀኝ፣ እኔ ጠንካራ ነኝ" አለው መካኒኩ።

"እኔ ግን አይደለሁም" አለ በያጁ። "ጉልበት እንደሌለኝ ስለማውቅ ነው በየቀኑ እግዚአብሔርን ለምኜ በሌላ መንገድ የምዞረው። ዛሬ ላንተ ብዬ ገባሁ፣ ይኸው ሽታው እኔንም እየጠራኝ ነው። ተነስ፣ ሁለታችንም ሳንወድቅ እሱ ያውጣን።"

መካኒኩ ብርጭቆውን እንደሞላ ትቶ ተነሳ፤ ተያይዘው ሲወጡ የሳቀ ሰው አልነበረም።