የአዋሽ ዳር መጥረቢያ

ባቡር አዳማ ከገባ ወዲህ የከሰል ገበያው ደርቷል፤ በአዋሽ ዳር ያለው የመንደሩ ደን ግን አልተነካም። ደረቅ መልቀም ለሁሉም ተፈቅዷል፤ እርጥብ የቆረጠ እሳትና ውሃ ይነፈገዋል። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ይህን ነበር። ጠባቂ አድርገው የመረጡትም ጉተማን ነበር።

ጉተማ በክረምት መግቢያ ከደኑ ሳይመለስ ቀረ። ፈልገው ሲደርሱ ጅብ ቀድሟቸዋል። ታላቅ ወንድሙ መርጋ በጋቢው ለየው፤ ፊት የሚባል አልቀረም። በዚያው ሰሞን ከሰል አክሳዩ ሐዲስም ደብዛው ጠፋ።

"ገድሎት ሻሸመኔ ገብቷል" ተባለ። የተጠራጠረ አልነበረም።

መርጋ ወንድሙን ቀብሮ፣ ጦሩን አንስቶ ጥበቃውን ተረከበ።

ዝናቡ ሲያባራ ከደኑ ውስጥ መጥረቢያ ይሰማ ጀመር። ማለዳ ማለዳ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ቋ! ቋ! ይላል። ሲጠጉት ዝም። የሚገኘው ትኩስ የግራር ጉቶ ብቻ ነው። ሴቶቹ ለለቀማ መግባት ፈሩ። ከሟቹ ሚስት ከዘርፉ በቀር ደኑን የሚደፍር ጠፋ።

"የጉተማ ነፍስ አላረፈችም" አሉ ሽማግሌው ጆቴ።

"ሙት መጥረቢያ አይጨብጥም፣ አባቴ። ሐዲስ ነው የተመለሰው" አላቸው መርጋ።

ዘርፉ ይህን ስትሰማ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ኦቦ መርጋ፣ በፈጠረዎት ይተዉት! ለእግዜር ይስጡት!"

"የባልሽ ደም አይደለም እንዴ?"

"ደም ይብቃን።"

ሐዘኑ ነው እንዲህ ያደረጋት ብሎ ከመሬት አነሳት። ቁጣው ግን ባሰበት።

በማግስቱ ማልዶ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር አደፈጠ። ጉሙ ከወንዙ ላይ እየተነሳ ዛፎቹን ዋጣቸው። ወፍ እንኳ አልጮኸም። ከዚያ መጥረቢያው ጀመረ። መርጋ በድምፁ አቅጣጫ ተሳበ። አንድ ጆንያ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ጎንበስ ቀና ይላል።

"ሐዲስ!" ብሎ ጮኸ።

ስሙ ሲጠራ ሰውየው መጥረቢያውን ጣለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጦሩ ያን ጊዜ ከመርጋ እጅ ወጥቷል።

ሰውየው በግንባሩ ተደፋ። መርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ የወንድሙን ገዳይ ፊት ሊያይ በእግሩ ገለበጠው።

ጉተማ ነበር። በጋቢው ለይቶ የቀበረው ሐዲስን ኖሯል።