የአርባዎቹ ረድፍ

ቶአካሴ በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ ባለው የስታቲስቲክስ ቢሮ የቶንጋን ደሴቶች የሞት መጠን በዕድሜ እያስተካከለች ነበር። አዛውንት የሚበዙባት ደሴት ያለ ጥፋቷ ሞት የበረታባት እንዳትመስል፣ የየዕድሜው ሞት ለሁሉም ደሴት እኩል በተበጀ የመቶ ሺህ ሰው ምናባዊ ሕዝብ ልክ ይባዛል።

የትውልድ ደሴቷ ሰንጠረዥ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከአርባ እስከ አርባ አራት ዓመት ባሉት ሴቶች ረድፍ፣ ነዋሪ አንድ፣ ሟች አንድ ይላል። በዚያ ዕድሜ እዚያ የተመዘገበችው እሷ ብቻ ናት።

«ላቪ፣ ነይ እስቲ እዪው፤ ገድለውኛል።»

የሥራ ባልደረባዋ ላቪኒያ ሳቀች። «ሙቺ እንግዲህ፤ ግን ሪፖርቱን ሳትጨርሺ ንቅንቅ የለም። ዜሮ አድርጊውና እለፊው።»

ዜሮ አደረገችው። ስሌቱን ስታስኬደው ቁጥር አንድ ተመልሶ መጣ። ደግማ አጠፋችው፤ ደግሞ ተመለሰ። በልኩ ሲባዛ በምናባዊው ሕዝብ ውስጥ ያሉ የዚያ ዕድሜ ሴቶች በሙሉ፣ ሰባት ሺህ ሴት፣ አንዲት ሳትቀር ሟች ሆነው ወጡ።

ኮምፒውተሩን ዘግታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትነሳ ወንድሟ ሳሚሱኒ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ጥቁር ለብሶ፣ ከጉልበቱ እስከ ጆሮው የሚደርስ የተቦጫጨቀ አሮጌ ሰሌን ታጥቋል። በቶንጋ ልማድ ሐዘንተኛ ሰሌን በወገቡ ይታጠቃል፤ ለጎረቤት ሐዘን ትንሽ ሰሌን ይበቃል፤ ይህን የሚያህለውን ወንድም ለእህቱ ነው የሚታጠቀው። ሳሚሱኒ ደግሞ ከእሷ ሌላ እህት የለውም።

«ሳሚ፣ ማን ሞተ?»

እንደ ወትሮው በአክብሮት ዓይኑን ሰበረ። «ነይ እህቴ፤ ሰዉ ተሰብስቦ አንቺን እየጠበቀ ነው።»

ወደ ላቪኒያ ዞረች። ላቪኒያ ከመሳቢያዋ ጥቁር ልብስ አውጥታ እያጠለቀች ነበር።