ለአንድ ድምፅ የሚታዘዝ ቤት

ወይንሸትና ባሏ ሽመልስ ቤቱን የሠሩት በሁለቱም ደመወዝ ነው። በዚያ ዘመን ቤት ትዳር እስካለ ለሁለቱም ይታዘዛል፤ ትዳሩ ሲፈርስ ግን የሚሰማው ድምፁን ላስመዘገበው ብቻ ነው። እህቷ «አንቺም ተመዝገቢ» እያለች ስትወተውታት፣ ወይንሸት «እሱ እያለ እኔን ምን አስጨነቀኝ» ብላ ትስቅ ነበር።

ፍቺው የጸደቀ ዕለት ወጥ ቤት ቃሪያ ስትሰነጥቅ ሳታስበው ዓይኗን አሸችው።

«ውሃ» አለች። ቧንቧው ዝም አለ። ደግማ ጮኸች።

ሽመልስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እባክህ፣ ውሃ በልልኝ።»

«ጠበቃዬ ምንም እንዳልፈቅድልሽ አስጠንቅቆኛል።»

«ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ሽመልስ።»

ጥቂት አመነታና «ውሃ» አለ፤ ውሃው ወረደ። «ነገ ግን ቤቱ ላይ መብት አለኝ እንዳትይ። እሺ በይ።»

ወይንሸት ፊቷን ከውሃው ሳታነሳ «እሺ» አለች።