ተቀምጬ ነበር

ሶስና ትናንት ወንጪ ሐይቅ ሄዳ ከሰዓቱን ተቀምጬ ነበር ትላለች፤ ቀለበቷ ግን ያን ጊዜ ልቧ በደቂቃ መቶ አርባ ይመታ ነበር ይላል። ዘንድሮ ለጤና ተብሎ በወጣው ሕግ፣ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን የልብ ምት በቀለበት ያያል።

ባሏ ይትባረክ ቅናቱ አላስቀምጥ ብሎት አደረ። ጠዋት ቅቤ የሌለውን ፍርፍር ሲበሉ እንደወትሮው አላጎረሳትም።

"ተቀምጦ የሚሮጥ ልብ አላውቅም። ማን ነበር አጠገብሽ? ጀልባ ቀዛፊው?"

"ፈረስ ነው የተቀመጥኩት፣ አንተ። ሽምጥ ጋለበብኝ።"

ይትባረክ አፍሮ ጉርሻ ዘረጋላት። አፏን አልከፈተችም።

"እኔም ያንተን አያለሁ። ትናንት በር ከፍተህ ስትቀበለኝ ስልሳ ነበር፤ አንድም አልጨመረ። ዝም አልኩህ።"

ቀለበቷን አውልቃ፣ ለጤና ብለው በተዉት የጨው ዕቃ ውስጥ ጣለችው።

"ከእንግዲህ የልቤን ከአፌ ትሰማለህ" አለች።