ቦይለሩ በአባ ክፍል

የቦይለር ባለሙያው ኢያኤል እርሳስ በጥርሱ ነክሶ ሜትሩን ከአልጋው ራስጌ እስከ መስኮቱ ይዘረጋል። አልጋው ላይ የተቀመጡት አቶ ኤርጫፎ መንገድ ሊለቁለት እግራቸውን ለመሰብሰብ ይሞክራሉ፤ ጉልበታቸው ግን እሺ አይልም።

«እህቴ፣ ከዚህ የተሻለ ክፍል የላችሁም» ይላል ባለሙያው።

«የአባቴ መኝታ ነው እኮ» ትላለች ኢየሩስ፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

«መታጠቢያ ቤታችሁ ጠባብ ነው። ይሄ ማሽን ውሃውን የሚያሞቀው ከአየር ላይ ሙቀት እየሳበ ነው፤ ጠባብ ቦታ ከዘጋሽበት የሚስበው ያጣል። እዚህ ግን ሰፊ ነው፣ መስኮትም አለው። ግድግዳውን በስቼ ቧንቧውን ወደዚያ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

ማሽኑ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ቁመቱ ከሰው አያንስም። የተለመደውን ቦይለር ሞክረውት ነበር፤ እሱ በበራ ቁጥር የቤቱ መብራት ድርግም እያለ አስቸገራቸው። ይሄኛው የሚፈጀው መብራት ትንሽ ነው ስለተባለ የኢየሩስ ልብ ከጅሎታል። የአባቷ ጉልበት ጠዋትና ማታ በሙቅ ውሃ ይታጠብ ብሏል ሐኪሙ።

ለጉልበቱ ብቻ ቢሆን ውሃው በድስትም ይሞቃል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። አባቷ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከደጋው ከገረሴ ወርደው እዚህ ቆላው ሴቻ እሷ ጋ ናቸው። አሁን መስቀል እየቀረበ ነው፤ ጋሞ ደግሞ የትም ይኑር የትም ለመስቀል አገሩ ይገባል። አንዴ ከወጡ እንደማይመለሱ ታውቃለች። እዚያ ያለው ቤት ባዶ ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ ገና እዚያ ብቻቸውን ሳሉ፣ ጓሮ ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው ጭቃ ላይ ቆይተዋል። ይህ ማሽን እቤቷ ከተተከለ አባቷም አብረው የሚቀሩ ይመስላታል።

«እስቲ ላብራውና እዩት» ብሎ ኢያኤል ሶኬቱን ይሰካል።

ማሽኑ ያጉረመርማል። ጥቂት ቆይቶ ከላዩ ነፋስ መውጣት ይጀምራል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ሲጨርስ አየሩ ቀዝቅዞ ይወጣል። አሠራሩ ነው።»

«ብርድ ሊመታቸው ነው!» ኢየሩስ ዘላ መስኮቱን ትዘጋለች፤ ነጠላዋን ገፍፋ በአባቷ አንገት ላይ ትጠመጥማለች። ሰው በላብ በተጠመቀበት ሚኒባስ ውስጥ «መስኮት ዝጉ» የምትለው ተሳፋሪ እሷ ናት፤ ከንፋስ የከፋ ጠላት አታውቅም። «ለበሽተኛ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ታመጣለህ? ንቀለው!»

«ተው» ይላሉ አባቷ። እንግዳ ስላለ በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ በአማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ልጃቸውንም ወንድ ያደርጓታል። «ተው፣ ልጄ። አትንካው።»

ነጠላውን ከአንገታቸው ፈትተው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይከፍታሉ። ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞሩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከወረዱ ጀምሮ ላባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ነው የሚውሉት፤ አሁን ያ ሁሉ ድካም ከግንባራቸው ላይ ሲነሳ ትመለከታለች። እንዲህ ተዝናንተው አይታቸው አታውቅም፤ ደስታዋን የምታደርግበት ታጣለች። ለካ ሙቁን ውሃና የገረሴን ብርድ ባንድ ክፍል ማግኘት ይቻላል! እንግዲህ ምን ቀራቸው?

«ግድግዳውን ልብሳው?» ይላል ኢያኤል፣ እጁን መሰርሰሪያው ላይ አድርጎ።

ብሳው ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ይቀድሟታል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ባለሙያው እንዳይሰማ በጋሞኛ ነው የሚናገሩት።

«እናትሽ ጠዋት በሩን ስትከፍተው የሚገባው ንፋስ እንዲህ ነበር። አንቺ ምንም አላጎደልሽብኝም፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ሰው ቤት መሞት ግን ከብዶኛል።»

ሰው ቤት። የገዛ ልጃቸው ቤት ሰው ቤት ሆነ። ኢየሩስን ያማታል። ስለ ክፍሉ ስፋት ጠይቃለች፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ማሽኑ ለቤቱ ይስማማ እንደሆነ ያልጠየቀችው ሰው የለም። አባቷን፣ ቤቱ ይስማማዎታል ወይ ብላ ጠይቃቸው አታውቅም። መልሱን ስለምታውቅ ነው ያልጠየቀችው።

ማሽኑ ያጉረመርማል። ኢያኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጠብቃል።

«ኢያኤል» ትላለች በመጨረሻ። «ይሄ ነገር ገረሴ ይሠራል?»

«ገረሴ?» ይስቃል። «እዛ ብርድ ነው እኮ፣ እህቴ። አየሩ ራሱ ሙቀት ከሌለው ከየት ያመጣል? አይሠራም አልልሽም፤ ግን ሲለግም ነው የሚውለው። እዛ እንጨት ይሻላችኋል።»

«እንጨት» ትላለች ለራሷ። እንጨቱን ማን እንደሚያነደው፣ ውሃውን ማን እንደሚያሞቀው ገና አላወቀችም። እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አልጋው ሲንቋቋ ዞር ትላለች። አባቷ ገረሴ የሚለውን ሰምተዋል። በሁለት እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው፣ ያን እሺ የማይል ጉልበት እየጎተቱ፣ በእግራቸው ወለሉን እየዳሰሱ ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

«ዛሬ አይደለም እኮ፣ አባ» ትላለች። «ለመስቀል ነው።»

እሳቸው አይሰሟትም። አንዱን ጫማ አጥልቀውታል። ኢየሩስ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሌላኛውን ታጠልቅላቸዋለች።