የሾፌሩ ድካም

ትርሲት የከባድ መኪኖች ባለቤት ናት። አንዱ ሾፌሯ እንቅልፍ ጥሎት ገደል ከገባ በኋላ የማጓጓዣ ፈቃዷ ታግዶ ነበር። ጉዳዩን የሰማው የዳኞች ጉባኤ ፈቃዱን የመለሰላት አምባር እንድታስር አዝዞ ነው፤ በአምባሩ በኩል የሾፌሮቿ ድካም ወደ እሷም ሰውነት ይገባል።

ዛሬ ሽማግሌዎች ልጇን ማርዳን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው እያወሩ ሳለ ዓይኗ ተከደነ።

«ለዛሬ እንኳ አውልቂው!» አለ ባሏ በሹክሹክታ።

«አላወልቅም።» ስልኳን አንስታ መንገድ ላይ ላለው ሾፌሯ ደወለች። «ኢድሪስ፣ መኪናውን አቁምና ተኛ።»

«እትዬ፣ ከዘገየን የጭነቱ ባለቤት ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል።»

«ያፍርሰው! ተኛ ብዬሃለሁ!»

ኢድሪስ ሚሌ ላይ ዳር ይዞ ቆመ። ትርሲትም ሽማግሌዎቹን «ይቅርታ፣ ሾፌሬ ደክሞታል» ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ሊነሳ ሲል ማርዳ እናቷን ጋቢ አልብሳ ዞረች።

«አባቶቼ፣ እናቴ እስክትነቃ ትጠብቃላችሁ።»