የእናቷ ጃንጥላ

አምቦ አደባባይ ላይ የክረምቱ የዲጄዎች ድግስ ደምቆ ሳለ ዝናቡ ወረደ። አዘጋጁ ዘፈን ወደምታጫውተው ወጣት ዲጄ እየሮጠ መድረክ ላይ ወጣ። "ዝጊው፣ ማሽኑ ይቃጠላል! ድሮም ይሄ የሴት ሥራ አይደለም።" ማይኩ ክፍት ነበርና አደባባዩ ሁሉ ሰማው። ልጅቷ ጣቷን ከማሽኑ ላይ አላነሳችም።

እናቷ ሰዉን እየገፉ መድረኩ ላይ ወጡ። ከቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ልምምድ መመለሳቸው ነበር፤ ዘፈን የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። አዘጋጁ ደስ አለው። "እሰይ፣ ይውሰዱልኝ!"

"አዮ፣ አልወርድም" አለች ልጅቷ እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

እናቷ ጃንጥላቸውን ከራሳቸው ላይ አንስተው ከማሽኑ በላይ ያዙት። ዝናቡ ነጠላቸውን እያበሰበሰው ወደ አዘጋጁ ዞሩ።

"ኦቦ፣ የፈሩት እንዳይቃጠል አይደል? ይኸው፣ አይቃጠልም።"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"ዘፈንሽን አሁንም አልወደውም። ድምፁን ጨምሪው።"